ያልታጠበው ጠርሙስ

በዚያ ቤት ጠርሙስ አይታጠብም። ሳህን ይታጠባል፣ ወለል ይታጠባል፣ መጋረጃ እንኳን ሳይቆሽሽ ይታጠባል፤ የመድኃኒቷ ጠርሙስ ግን ውሃ ይሞላባታል እንጂ አትታጠብም። ሙሽሪት እዚህ ቤት የገባች ሰሞን ይህንን ሳታውቅ ከሌላው ዕቃ ጋር ልታጥባት አንስታት ነበር። አማቷ ከእጇ የነጠቋትን አነጣጠቅ እስከ ዛሬ አትረሳውም። አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ጠርሙሷን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ለአፍታ ቆሙና "ይቺን ብቻ አትንኪብኝ፣ ልጄ" አሏት።

ሙሽሪት ስሟ አይደለም። ከተዳረች አራት ዓመት ሊሆናት ነው፤ ሌላዋ ብትሆን እስካሁን የእገሌ እናት ተብላ ነበር። ልጅ አልመጣ ሲል ግን የሰፈሩ ሰው ምን ብሎ ይጥራት? ሙሽሪት እንደተባለች ቀረች። ፊት ለፊት የሚናገራት የለም፤ ስሟ ግን ሲሰድባት ይውላል። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ በወር ውስጥ ከቤቱ ይልቅ ከመሪው ጋር የሚያሳልፈው ቀን ይበዛል። ስለዚህ ኑሮዋ ከአማቷ ጋር ነው።

አማቷን ሁሉም ሰው እማማ ጠብታ ይላቸዋል። የሴቶች መድኃኒት ይሠራሉ። በጓሮ፣ ከግንቡ ጥግ፣ ሐምራዊ አበባ የምታወጣ ተክል አለቻቸው፤ ሥሯ ይቆፈራል፣ ይከተፋል፣ በአልኮል ተዘፍዝፎ ጨለማ ቁምሳጥን ውስጥ ይከርማል። ከዚያ አንዲት ጠብታ ጠርሙስ ውስጥ ትገባለች፣ ላይዋ ላይ ንጹሕ ውሃ ይሞላል። ጠርሙሷ በእጅ ተጨብጣ በቆዳ ትራስ ላይ ትመታለች፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ መዳፍ እስኪሞቅ ድረስ። ከዚያ ውሃው ይደፋል። አዎ፣ ይደፋል። መስተዋቱ ላይ ተጣብቆ የሚቀረው እርጥበት ይበቃል፤ በእሱ ላይ እንደገና ውሃ፣ እንደገና ምት፣ እንደገና መድፋት። እማማ ጠብታ እንደሚሉት መድኃኒት ባነሰ ቁጥር ይበረታል። ጠርሙስ የማይታጠበውም ለዚህ ነው፤ የተደፋ ነገር ሁሉ ሄደ ማለት አይደለም።

ጎረቤታቸው ወተት ሻጩ ይህ ነገር አንጀቱን ያሳርረዋል። "እኔ ወተት ላይ ውሃ ብጨምር ሌባ፣ እሳቸው ውሃ ላይ ውሃ ሲጨምሩ ሐኪም" ይላል። ይላል እንጂ የገዛ ሚስቱ ጠብታውን ልትወስድ ስትገባ አይቶ እንዳላየ ነው የሚያልፈው።

የወር አበባዋ የተዛባባት፣ ማርገዝ ያቃታት፣ ደሟ አልቆም ያላት፣ ዕድሜዋ ሲገፋ ሙቀት ሽው እያለ የሚያልባት፣ ሁሏም በፊተኛው ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ተራዋን ትጠብቃለች። እማማ ጠብታ ማንም ጠይቋቸው የማያውቀውን ይጠይቋቸዋል፤ በየትኛው ጎንሽ ትተኛለሽ፣ ምን ሲሆን ታለቅሻለሽ፣ ባልሽ ሲቆጣ የትኛው አካልሽ ይቀዘቅዛል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግማሾቹ የሚድኑት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ አንድ ሕግ አለው፤ መጀመሪያ ያብሳል፣ ከዚያ ያነሳል። የባሰባት ሴት ስትመጣ እማማ ጠብታ ፊታቸው ይፈካል፤ "እየያዘ ነው" ይሏታል። የተሻላት ስትመጣ ደግሞ "ያዘ" ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚሸነፍበት በር የለውም።

ሙሽሪት ይህንን ሁሉ ብዙም ሳትጠይቅ ተቀበለች። የከበዳት ሌላ ነገር ነው።

ከምሳ በኋላ፣ ሴቶቹ በፊተኛው ክፍል ሲያወሩ፣ ከጓሮ በኩል ካለው የሥራ ክፍል ድምፅ ይመጣል። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። መጀመሪያ የሰማችው ቀን አማቷ የሚሠሩ መስሏት አለፈች፤ ወደ ፊት ስትወጣ ግን አማቷ ከአንዲት ጠና ያለች አስተማሪ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ተቀምጠዋል። ድምፁ ቀጠለ። የአማቷ አመታት ቀስ ያለ ነው፤ ይኼ ፈጠን ይላል፣ መሃል ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ደግሞ የቸኮለ ሰው እንደሚመታው ይመታል። ሙሽሪት ሄዳ በሩን ገፋችው። ማንም የለም። ጠረጴዛው፣ ማጣሪያ ጨርቁ፣ የቆዳ ትራሱ። ትራሱ ላይ ለብዙ ዓመት ጠርሙስ ሲያርፍበት የተጎደጎደ ቦታ አለ፤ ጉድጓዱ በግራ በኩል ነው። አማቷ ቀኝ እጃቸው ነው የሚሠራው። ጠርሙሷን ነካቻት፤ ሞቃለች።

አማቷን አልጠየቀቻቸውም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ታያቸው ጀመር። ድምፁ ሲመጣ እማማ ጠብታ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ፤ የጀመሩት ቃል ብቻ ለአፍታ ይሰናከልና ከፍ ባለ ድምፅ ይቀጥላሉ። የሴትየዋን እጅ ይይዙና "እሺ፣ ከዚያስ? ንገሪኝ፣ ሁሉንም ንገሪኝ" ይላሉ። ሴትየዋ እንዴት የሚሰሙ ሰው ናቸው ብላ ትመርቃቸዋለች።

ባሏ ከመንገድ ሲመለስ "ከእማማ ሌላ ጠርሙስ የሚመታ ሰው ነበረ እንዴ?" አለችው።

ዳቦውን እያላመጠ "ሚጣ ነበረቻ" አላት። ሚጣ ታናሽ እህቱ ናት፤ እሱ ከማግባቱ በፊት እንደሞተች ሙሽሪት ታውቃለች። "ግራኝ ነበረች። እማዬ እጇን እየመታች ቀኙን ልታስለምዳት ብትሞክር አልሆን አላት። ያቺን ጠርሙስ የመጨረሻ የሠራቻት እሷ ናት። እማዬ ለሴቶቹ ሁሉ የምትሰጠው ከእሷ እየቀነሰች ነው።"

"ምን ነበር ያመማት?"

"ሆዷን። እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። ስመጣ አልቆ ጠበቀኝ።" ከዚያ ስለ ጎማ ዋጋ አነሳ። ዝም አይነቅዝም እንዲሉ በዚያ ቤት ስለ ሚጣ የሚነገረው ይኸው ነው።

ሙሽሪት ከአራት ዓመት ጥበቃ በኋላ የወር አበባዋ ሲቀር ለማንም አልተናገረችም። ሙሽራ ካልታዘልኩ አላምንም አለች እንደሚባለው፣ ከፋርማሲ የገዛችው መመርመሪያ ሁለት መስመር አውጥቶም አላመነችም። ሌላ ገዛች። እሱም ያንኑ ሲላት መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ አፏን በፎጣ ይዛ አለቀሰች። በኋላ ለእማማ ጠብታ ስትነግራቸው ሳቁ። ያን ያህል ረጅም ሳቅ ከእሳቸው ተሰምቶ አያውቅም፤ ከዚያ ወዲያው ሳቁን ቆረጡና ጠብታ መስጫዋን ይዘው መጡ።

"እንዲጸና ነው" አሏት። "ጠዋት፣ ቀትርና ማታ፣ ከምላስሽ ሥር። ውሃ አታስከትዪበት።"

ሙሽሪት ጠብታውን ወሰደች፤ ጣዕም አልነበረውም። ያን ሰሞን የሥራው ክፍል ድምፅ በረከተ። ቀድሞ ከምሳ በኋላ ብቻ ነበር፤ አሁን ጠዋትም ይመጣል፣ ውሃ ስትቀዳም ይመጣል፣ ሬዲዮ ተከፍቶ እንኳን ከዘፈኑ ሥር ይሰማል። አመታቱ ይቸኩላል። አንድ ቀን ወተት ሻጩ ባዶ ጣሳውን ሊወስድ በጓሮ በር ብቅ ብሎ "ሠራተኛ ቀጠራችሁ እንዴ?" ሲል፣ እማማ ጠብታ በሩን ፊቱ ላይ ዘጉበት። ሙሽሪት ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ብቻ እንዳልሆነች አወቀችና፣ ከመጽናናት ይልቅ ፍርሃቷ ባሰ።

ከዚያ በግራ በኩል፣ ከታችኛው ሆዷ፣ ሕመም ጀመራት። መጀመሪያ መርፌ ወጋ እንደሚያደርግ ነበር፤ ቆይቶ አንዴ ከያዘ የማይለቅ ሆነ። ትንሽ ደምም አየች። ለአማቷ ነገረቻቸው።

"እየያዘ ነው" አሉ እማማ ጠብታ። አፋቸው እንደ ልማዱ ነው የተናገረው፤ ፊታቸው ግን አልፈካም። "መጀመሪያ ያብሳል፣ ታውቂያለሽ። ተኚ። ጠብታውን እጨምርልሻለሁ።"

"ሐኪም ቤት ብንሄድስ፣ እማማ?"

"እነሱ ምን ያውቃሉ? ገና ሳያዩሽ ጠርገው ነው የሚያወጡብሽ። አራት ዓመት የጠበቅሽውን?"

ይኼ ነው የያዛት። ሐኪም ቤት ከሄደች ልጁን የምታጣ መሰላት፤ እዚህ ከተኛች ግን፣ ላም አለኝ በሰማይ ዓይነትም ቢሆን፣ ተስፋ ይቀራታል። ለባሏ ደወለች፤ ኔትወርክ የለም። ተኛች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ልጅ የናፈቃት ሴት ደግሞ ከሁለቱም ትብሳለች።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ሙሉ በሙሉ ገብታ ክፍሉ ደማቅ ሆኖ ሳለ፣ ድምፁ ከግድግዳው ወዲያ ጀመረ። ሙሽሪት ሆዷን ይዛ ተነሳች። የተጠራች ያህል ነበር የተሰማት። የሥራው ክፍል በር ገርበብ ብሏል።

አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ጸጉሯ በላስቲክ ታስሯል፣ የሽርጧ ማሰሪያ ወገቧ ላይ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። በግራ እጇ ጠርሙሷን ጨብጣ ትራሱን ትመታለች። ቀኝ እጇን አሻግራ የግራ ትከሻዋን ጫፍ ይዛለች፤ ይዛው ብቻ አይደለም፣ እንዳያመልጣት የፈራች ይመስል ጨምድዳዋለች። ዱብ። ዱብ። ከዚያ ግራ እጇ መሃል መንገድ ላይ ቆመ፣ ቀስ ብሎም ወረደ። አልዞረችም። ሙሽሪት አልጮኸችም። የገረማት የተሰማት ፍርሃት አለመሆኑ ነው፤ አንጀቷን የበላት ማሰሪያው መፈታቱ ነበር፣ ሄዳ ብታስርላት ወደደች። ዓይኗን ስትጨፍንና ስትገልጥ ጠረጴዛው ብቻ ነው ያለው።

ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወደ አልጋዋ ተመለሰች። ጋደም ስትል ግራ ትከሻዋ ላይ ወስፌ የተሰካባት መሰላት። ትንፋሿ ተቆረጠ። ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲለቅ ተሰማት፤ ላብ አጠመቃት፣ ጣሪያው ራቀባት።

እማማ ጠብታ ሴቶቹን ትተው ጠብታ መስጫዋን ይዘው ገቡ። "አፍሽን ክፈቺ፣ ልጄ።"

"እማማ፣ ትከሻዬን።"

"ምን አልሽ?"

"ትከሻዬን አመመኝ። ግራውን። ሚጣ የያዘችውን።"

ጠብታዋ ትራሷ ላይ ወደቀች። እማማ ጠብታ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። "ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም። አሁን እዚያ ቆማ ሳያት ጨምድዳ ይዛዋለች።"

አሮጊቷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም ነበር። "ለአንድ ሰው እንኳን አልተናገርኩም። ለወንድሟም አልተናገርኩም። የወር አበባዋ ዘገየ፣ ጠብታ ሰጠኋት። ደም መጣ፣ ያዘ ብዬ ደስ አለኝ። ትከሻዬን አመመኝ ስትለኝ፣ ሆድሽና ትከሻሽ ምን አገናኘው አልኳት። እሷም ሳቀች። አብረን ሳቅን።"

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ነው። ሙሽሪት ያየችው አማቷ ባዶ እግራቸውን፣ ሻሻቸው ወርዶ፣ ተራ በሚጠብቁት ሴቶች መሃል አልፈው ወደ መንገድ ሲወጡ ነው። ከዚያ ወተት ሻጩ መጣና አዘላት። የተረቷ ሙሽራ ካልታዘልኩ ያለችው ይኸው ደረሰላት፣ ታዘለች። ወተት በሚያመላልስበት ፒክአፕ ውስጥ፣ በባዶ ጣሳዎች ኳኳታ መሃል፣ የአማቷ መዳፍ ግንባሯ ላይ ነበር። ጠብታ መስጫዋን ረስተው አሁንም በሌላው እጃቸው ይዘዋታል።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ዓይኗ እንቅልፍ የጠማው። ሙሽሪት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስትነቃ እንዲህ አለቻት። ጽንሱ ማህፀን ውስጥ አልነበረም፤ ወደ ማህፀን በሚወስደው ቱቦ ላይ ነው ያረፈው፣ እዚያ ደግሞ ማንም ልጅ አድጎ አያውቅም። ቱቦው ፈነዳ። ደሙ ሆድ ውስጥ ፈስሶ ወደ ላይ ሲወጣ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። አንደኛው ቱቦ ወጥቷል፣ ሌላው ደህና ነው፤ ገና መውለድ ትችላለች። "ጥቂት ብትቆዪ ኖሮ አሁን አናወራም ነበር" አለቻት።

ሙሽሪት ስለ ልጁ አለቀሰች። አልቅሳ ስትጨርስ ከአንገቷ ቀና ብላ "የባሌ እህት እንዲሁ ነበር የሆነችው። ትከሻዋን" አለች። "ብትመጣ ትተርፍ ነበር?"

ዶክተሯ ወረቀቷን አጠፈች። "ብትመጣ ትተርፍ ነበር። የሚታከም ነገር ነው" አለች።

ባሏ ከነአቧራው ሲደርስ ይህንኑ ነገረችው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ "ለእማዬ እንዳትነግሪያት" አላት። "ይህንን ከሰማች አንድ ሌሊት አታድርም። ሚጣ ላትመለስ ነገር።" ሙሽሪት ሆድ ይፍጀው ብላ ቃል ገባችለት። ደግሞም አማቷን ትወዳቸው ነበር። ያን ቀን በባዶ እግራቸው ባይሮጡ ኖሮ የት ነበረች?

ቤት ስትመለስ ድምፁ የለም። ጠዋትም፣ ከምሳ በኋላም፣ ምንም። ሙሽሪት መጀመሪያ እፎይ አለች፤ ቆይታ ግን ዝምታው ከምቱ ይልቅ ያስጨንቃት ጀመር። አማቷ ሾርባ ይሠሩላታል፣ አንሶላ ይቀይሩላታል፣ ቁስሏን እንዳይነካት ልብሷን በቀስታ ይስቡላታል። ከምሳ በኋላ ግን የሥራውን ክፍል በር ከፍተው፣ ወንበር ስበው፣ ጆሯቸውን ወደ ጠረጴዛው ቀና አድርገው ይቀመጣሉ። ሰው ቀጥረው የቀረባቸው ይመስላሉ። ጠዋት ሻይ ሲያቀርቡላት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው።

"ዶክተሯ ሌላ ምን አለችሽ?"

"ከባድ እንዳታነሺ አለችኝ፣ እማማ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም።"

እማማ ጠብታ ዓይን ዓይኗን ያዩና ስኒውን አንስተው ይሄዳሉ። የሚጠይቁት ሌላ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ሙሽሪት ከምትዋሽ ብላ ዝም አለች፤ ዝም ማለቷ እየከበዳት ሲሄድ ደግሞ መዋሸቱን ራሱ አዘጋጀች። አንድ ቀን ደፍረው ከጠየቋት፣ ዶክተሯ ሚጣን ማንም ሊያድናት አይችልም ነበር አለች ትላቸዋለች። ቃሉን በልቧ ደጋግማ አለሳለሰችው።

ሴቶቹ መምጣታቸውን አላቆሙም። እንዲያውም በዙ። ወሬው በሰፈሩ የዞረው "እማማ ጠብታ ምራታቸውን ከሞት አፍ አወጧት" ተብሎ ነው፤ ሐኪም ቤቱ ከታሪኩ ውስጥ በመንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል። እማማ ጠብታ አላረሙትም። አግዳሚውን ወለወሉ፣ ከእናት ጠርሙሷ እየቀነሱ ለየሴቱ ሞሉ። ሙሽሪት ከመጋረጃው ወዲያ፣ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማለች።

እንዲህ ስትሰማ ነው አንድ ቀትር ላይ ልብስ ሰፊዋ የመጣችው። ሙሽሪት ታውቃታለች፤ ወላጆቿ ሩቅ ናቸው፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ተከራይታ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ሜትሯን ከአንገቷ አታወርድም። ድምፅዋ ዛሬ ደክሟል።

"የወር አበባዬ ቀርቶ ነበር፣ እማማ። ጠብታውን ከጀመርኩ ወዲህ ደም መጣ፣ ግን ቅጥ የለውም። በዚህ በኩል ይወጋኛል። ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል።"

ከመጋረጃው ወዲያ ጸጥ አለ። ሙሽሪት ከትራሷ ቀና አለች። አሁን ይነግሯታል፣ አሁን ተነሺ ይሏታል ብላ ጠበቀች።

"እየያዘ ነው፣ ልጄ" አሉ እማማ ጠብታ።

ሙሽሪት ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ጠበቀች። አልመጣም። የጠርሙስ ክዳን ሲከፈት ሰማች። እንዲህ ባሉ ቁጥር ሚጣ በሆድ ሕመም የሞተች ትሆናለች፣ መድኃኒቱም መድኃኒት ይሆናል፣ እሳቸውም እናት ሆነው ይቀራሉ። ይህ ሁሉ ጸንቶ የሚቆመው ደግሞ ይቺ ልጅ ሄዳ ተከራይታ በምትኖርበት ክፍል ብቻዋን ስትተኛ ነው። ሙሽሪት በባሏ ፊት የገባችው ቃል ትዝ አላት፤ በልቧ ያለሳለሰችው ውሸትም። ሁለቱንም ትታ ስፌቷን በመዳፏ ደግፋ ተነሳችና መጋረጃውን ገለጠች።

አግዳሚው ላይ ሴቶች ሞልተዋል። ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯ ነጥቷል።

"እማማ" አለች ሙሽሪት። "ዶክተሯን ስለ ሚጣ ጠይቄያት ነበር። ብትመጣ ትተርፍ ነበር አለችኝ።"

ሙሽሪት አሁን ይወድቃሉ፣ ባሌ እንዳለው ይህችን ሌሊት አያድሯትም ብላ ጠበቀች። እማማ ጠብታ ጠርሙሷን በጉልበታቸው ላይ ይዘው አቀረቀሩ።

"ስትነግረኝ ነው የኖረችው" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ነኝ እንዳልሰማት እናንተን የማስወራችሁ።"

ማን እንደነገራቸው የገባት ሙሽሪት ብቻ ናት። እማማ ጠብታ ጠርሙሷን ወለሉ ላይ አስቀመጡ፣ የልብስ ሰፊዋን ክንድ ያዙ። "ተነሺ" አሏት። ልጅቷ "ጠብታውስ?" ስትል "ውሃ ነው። ተነሺ፣ የኔ ልጅ፣ ቆመሽ መሄድ ከቻልሽ አሁን ነው" አሏት። ከአግዳሚው አንዷ ቆጣ ብላ "እኛስ?" አለች። እማማ ጠብታ ልጅቷን ደግፈው በሩን አልፈው ነበር።

ወተት ሻጩ ፒክአፑን ሲያስነሳ ለቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የሦስቱንም ፊት ሲያይ መልሶ ዘጋው። መንገዱ ጎርበጥባጣ ነው፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ የሙሽሪትን ስፌት ይጎትታል። ልብስ ሰፊዋ በሁለቱ መሃል ተቀምጣ ጭንቅላቷን እማማ ጠብታ ላይ ጣለች። እማማ ጠብታ ሜትሩን ከአንገቷ ፈትተው በጣታቸው ይጠቀልሉታል፣ ይፈቱታል፣ ይጠቀልሉታል። "አትተኚ" ይሏታል። "ንገሪኝ። የት ነው የሚያምሽ? እየሰማሁሽ ነው።"

የድንገተኛ ክፍሉ ነርስ ገና ከበሩ ልጅቷን አይታ ባለ ጎማ አልጋ አስመጣች። ጓንቷን እያጠለቀች ጠየቀች። "ምኗ ነዎት?"

ሙሽሪት ጎረቤት ናቸው ልትል አፏን ስትከፍት አማቷ ቀደሟት።

"እናቷ ነኝ" አሉ እማማ ጠብታ። "ዘገየሁ።"

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየቻቸውና መልሳ ጨፈነች። አይደሉም አላለችም።

ነርሷ ቀና ሳትል የልጅቷን የልብ ምት ቆጠረች፣ ለሐኪሙ አንድ ነገር ተናገረች፣ አልጋው መገፋት ጀመረ። ከዚያ ዘወር ብላ፣ ለብዙ ደንጋጣ እናት የምትለውን ዓይነት ነገር በችኮላ አለቻቸው። "አልዘገዩም፣ እማማ። በጊዜ ነው ያመጧት።"

በሩ ተዘጋ። እማማ ጠብታ ካገኙት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሙሽሪት አጠገባቸው ቆማ እጃቸውን ያዘች። የሰፈሩ ሰው እንደሚለው በሚጣ ቀብር ቀን እንኳን እንባ አልወጣቸውም ነበር። አሁን፣ ስማቸውን የማያውቅ ሰው በሞላበት አዳራሽ መሃል፣ ተራ ጠባቂዎቹ ዘወር ብለው እስኪያዩዋቸው ድረስ ልጃቸውን አለቀሱ።